ሁለቱ ውሎች



ቤት ለመግዛት የምታስቡ ቅዱሳን «ፓስተር፣ ደላላ ይታመናል ወይ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። መልሱን ከራሴ ልጀምር።

እኔና ባለቤቴ ላሊበላ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ በኪራይ ኖረናል። ነአኩቶ ለአብን የረገጠ ሰው ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ውኃና ከሥሩ የተቀመጡትን የድንጋይ ገንዳዎች ያስታውሳል። የእኛም ገንዘብ እንደዚያ ጠብ ጠብ እያለ ነው የተጠራቀመው። በመጨረሻ ወደዚያው በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተገኘ። ሻጩ አስጎብኚ ነበር፤ ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳ ሲጠፋ ሥራውን አጣ። ደላላው ደግሞ በጉባኤያችን ያደገ ወጣት ነው።

«ወንድም ነው፣ ምን እጠይቃለሁ?» አልኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይህ ነበር። ደላላ፣ ወንድም እንኳ ቢሆን፣ እንጀራውን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። ብዙ ጊዜ ከገዢም ከሻጭም ኮሚሽን ይቀበላል። መቸኮሉ ኃጢአት አይደለም፤ ማጣራት ግን የገዢው ድርሻ ነው። ኮሚሽኑን ማን፣ ስንት፣ መቼ እንደሚከፍልም ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ባለቤቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «የሰውየው ሚስት ታውቃለች?» አልጠየቅሁም ነበር። ሄደን ስናነጋግራት ምንም አልሰማችም። በቤተሰብ ሕጋችን ባልና ሚስት በጋራ ያፈሩት ቤት የሚሸጠው ሁለቱም ሲስማሙ ነው። ያን ቀን ቸኩዬ ብሆን ኖሮ ገንዘቤም ትዳራቸውም ፍርድ ቤት በወደቀ ነበር። ተነጋግረው እስኪስማሙ ሦስት ሳምንት ጠበቅን።

ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምንገዛው ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። ስለዚህ ደላላው የሚያሳያችሁ የካርታ ኮፒ አይበቃም። ካርታው በማን ስም እንዳለ፣ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት፣ በእኛ ከተማ ደግሞ ቦታው በቅርስ ጥበቃ ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑን ከመዝገቡ አጣሩ። ቀብድም ቀላል ነገር አይደለም። በውሉ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በቀር ሰጪው ሐሳቡን ከለወጠ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከለወጠ እጥፍ ይመልሳል። ይህን ሁሉ ሳታጣሩ ቀብድ አትስጡ።

ሁሉን ጨርሰን ልንፈርም ዋዜማው ላይ ደላላው መጣ። «ፓስተር፣ መንግሥት ፊት በሚቀርበው ውል ላይ ግማሹን ዋጋ እንጻፍ። እውነተኛውን በሌላ ወረቀት እናደርገዋለን። ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለኝ። ከቀረጥ የሚተርፈው ገንዘብ የሚያፈሰውን ጣሪያ ያድስልን ነበር። ዝም አልኩ። ዝምታዬ እሺታ መሆኑን እርሱም እኔም አውቀናል።

ማታ ለእሑድ ስብከት ኤርምያስ ምዕራፍ 32ን ከፈትኩ። ነቢዩ ከተማው ተከብቦ፣ እርሱ ራሱ ታስሮ ሳለ፣ በዓናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ይገዛል። በምስክሮች ፊት ይፈርማል፣ ብሩን ይመዝናል። የእርሱም ውል ሁለት ነው፤ አንዱ የታተመ፣ አንዱ የተከፈተ። ግን የታተመውም የተከፈተውም ስለ አንድ ግዢ አንድ ነገር ይናገሩ ነበር። የእኔ ሁለት ወረቀቶች ሊናገሩ የነበረው ግን አንዱ እውነት፣ ሌላው ሐሰት ነበር። ስለ ሐሰት ምስክር ስንት ጊዜ ሰብኬአለሁ! ያን ሌሊት ባለቤቴን ቀሰቀስኳት፤ አብረን ተንበረከክን።

ጠዋት ለደላላው ደወልኩ። «ልጄ፣ የሚጻፈው አንድ ዋጋ ነው። ትናንት ዝም ማለቴ ላንተ ማሰናከያ ሆኗልና ይቅር በለኝ» አልኩት። ዝም አለ። ሻጩ ግን እፎይ አለ፤ ለካ እርሱም ፈርቶ ኖሯል። እውነቱን ነው፤ ክርክር ቢነሳ ዳኛው ፊት የሚቀርበው የተመዘገበው ወረቀት ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ አለበት። ግማሽ ዋጋ ያስጻፈ ሰው ውሉ ቢፈርስ የቀረውን ግማሽ በምን ያስረዳል?

ቤቱ አሁን የእኛ ነው። ዘንድሮ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ባልዲ ደቅነን አደርን፤ ጠብ ሲል እየሰማን ሳቅን። ወጣቱ ወንድማችን ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ጉባኤ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ቤት ሲገዛ ከቤቱ የሚበልጥ ነፍስም በመካከል እንዳለ ያን ሌሊት ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ባስበው ኖሮ እላለሁ።

እናንተ ቤት ለመግዛት ስትነሡ ደላላውንም በጸሎታችሁ አስቡት። ለእኛም ልጅ ጸልዩለት።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።