የረከቦቱ ክፍተት



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ እንጨት ነው። በየቤታችን ከአገር ቤት የመጣ አንድ የእንጨት ዕቃ አይጠፋም፤ ረከቦት ይሆናል፣ በርጩማ ይሆናል፣ የሥዕል ፍሬም ይሆናል። እስቲ ልጆች፣ ሂዱና መጋጠሚያውን፣ ማለትም ሁለት እንጨቶች በኮላ የተያያዙበትን ቦታ፣ በጣታችሁ ዳስሱት። ቀጭን ክፍተት አገኛችሁ? አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአናጢውም የእናንተም አይደለም፤ የአየሩ ነው።

ምን መሰላችሁ? «ክረምት» የምንላት ቃል አገር ቤትና እዚህ የተለያየ ሥራ ነው ያላት። አገር ቤት ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወቅት ነው። እንጨት ያኔ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በርና መስኮት አልዘጋ የሚለውም ለዚህ ነው። እዚህ ሚኒሶታ ክረምት የምንለው ግን የበረዶውን ወቅት ነው። ማሞቂያው ቀንና ሌሊት ስለሚሠራ የቤታችን አየር ይደርቃል፤ እንጨቱም ውሃውን ለአየሩ ይሰጥና ይኮማተራል። የአየሩ እርጥበት 65 በመቶ በሆነ ክፍል ውስጥ የቆየ እንጨት ከደረቅ ክብደቱ 12 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል። የአየሩ እርጥበት ወደ 30 በመቶ ሲወርድ የእንጨቱም ውሃ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል።

እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ አያጥርም ማለት ይቻላል፤ የሚጠበው በወርዱ ነው። ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ በዚህ ለውጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊጠብ ይችላል። እንግዲህ አንዱ እንጨት በቁመቱ፣ ሌላው በወርዱ ከተጋጠሙ አንዱ ሲጠብ ሌላው ባለበት ይቆያል። ኮላው መሀል ላይ ሆኖ በሁለቱም በኩል ይጎተታል። ክፍተት የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

እኛ ቤት ያለው ረከቦት ከዋንዛ የተሠራ ነው። እናቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ልትጠይቀን ስትመጣ በነጠላ ጠቅልላ ከሻንጣዋ መሀል አስቀምጣ ነው ያመጣችው። አንዱ ጥግ ላይ ትኩስ ጀበና ያስቀመጠችበት ክብ ጥቁር ምልክት አለ። እናቴ እ.ኤ.አ. በ2019 አረፈች። በአንዱ ዓመት ጥር ወር ላይ ሁለት ማዕዘኖቹ ክፍተት ሲያሳዩ ልጄ አይቶ «አባዬ፣ ለምን አዲስ አንገዛም?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ረከቦት ይገዛል። አያቱ ቡና ያፈላችበት ረከቦት ግን ከየትም አይገዛም። ስለዚህ እንጠግነው ተባባልን።

እኔ በሥራዬ የሂሳብ ሰው ነኝ። የሂሳብ መዝገብ በ10 ሳንቲም ሲፋለስ «ትንሽ ናት» ብሎ 10 ሳንቲም ጨምሮ መዝጋት የለም። ከዚያች 10 ሳንቲም ጀርባ ሁለት ትላልቅ ስህተቶች ተደብቀው ሊሆን ይችላል። እንጨትም እንደዚያው ነው። ክፍተቱን ከመድፈናችን በፊት መጋጠሚያው ይነቃነቅ እንደሆነ ማወቅ አለብን።

ዕቃውን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወዝውዙት። ከተነቃነቀ ኮላው ለቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ከውጭ በስቱኮ መድፈን ለዓይን ብቻ ነው፤ የሆነ ቀን ሲኒው እንደተደረደረበት ይወድቃል። መድኃኒቱ መጋጠሚያውን በጥንቃቄ አላቅቆ አሮጌውን ኮላ እንጨቱ እስኪታይ መፋቅ፣ ከዚያ አዲስ ኮላ ቀብቶ በሞርሳ ማሰር ነው። ነጩ የእንጨት ኮላ የሚይዘው ንጹሕ እንጨት ላይ እንጂ በደረቀ ኮላ ላይ አይደለም። በሁለት እንጨቶች መካከል ስስ ሆኖ ሲቀባ በጣም ጠንካራ ነው፤ ሰፊ ክፍተት ውስጥ ለብቻው ሲሞላ ግን ደካማ ነው።

የእኛ ረከቦት አልተነቃነቀም። ሆኖም በጥር የታየውን ክፍተት በጥር አልሞላነውም። ለምን? ደረቅ ወቅት ላይ ክፍተቱ ከሁሉ ጊዜ ይበልጥ ሰፊ ነው። በዚያን ጊዜ በጠንካራ ነገር ከተደፈነ፣ በበጋ እንጨቱ ሲያብጥ የሚሄድበት ቦታ ያጣል፤ ወይ የተሞላውን ገፍቶ ያወጣዋል፣ ወይ መጋጠሚያውን ያስጨንቀዋል። ረከቦቱን ከማሞቂያው አጠገብ አንሥተን ወደ ሌላ ክፍል ወሰድነውና እስከ ግንቦት ጠበቅን። ልጄ በየሳምንቱ ወረቀት እያስገባ ይለካ ነበር። በግንቦት አንደኛው ክፍተት ራሱ ገጠመ! ወረቀት አላስገባ አለ። ሁለተኛው ግን ጠበበ እንጂ አልገጠመም። እውነተኛው ክፍተት እሱ ነበር።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ረከቦቱን ገለበጥንና ማንም ከማያየው ከሆዱ ሥር በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን ደቃቅ ዱቄት አወጣን። ይህ ዱቄት ሰጋቱራ ይባላል። ከሌላ እንጨት ሰጋቱራ ማምጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ቀለሙ ይለያል። ሰጋቱራውን ከጥቂት ነጭ ኮላ ጋር ለውሰን እንደ ወፍራም ገንፎ አደረግነው። ኮላው ከበዛ ሲደርቅ ከእንጨቱ ይጠቁራል፤ ስለዚህ አስቀድመን ከሥሩ በኩል ሞከርነው። ኮላው እንጨቱን እንዳይቀባባ በክፍተቱ ግራና ቀኝ የወረቀት ፕላስተር ለጠፍን። ከዚያ በቀጭን ቢላዋ ጠልቆ እንዲገባ ገፋን፤ ሲደርቅ ስለሚሰረጉድ ትንሽ ከፍ አድርገን ሞላነው። የፈሰሰውን ወዲያውኑ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግን፤ ምክንያቱም ኮላ የነካው እንጨት ቀለምም ቫርኒሽም እንደ ሌላው አይቀበልም። ለ24 ሰዓት ተውነውና በማግስቱ በልሙጥ ብርጭቆ ወረቀት እንጨቱ በተዘረጋበት አቅጣጫ አለሰለስነው። በመጨረሻም ሰም ቀባነው።

ክፍተቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ካለፈ ግን ሰጋቱራ አይበቃውም። ከዚያው ዓይነት እንጨት ቀጭን ስንጣሪ እንደ ሽብልቅ ተጠርቦ፣ ኮላ ተቀብቶ፣ ይገባና ትርፉ ይቆረጣል። ይህ የመሮና የቢላዋ ሥራ ስለሆነ ወላጆች፣ አብራችሁ ሁኑ። በደቂቃ የሚያጣብቀውን ማጣበቂያ ደግሞ ልጆች በፍጹም እንዳትነኩት፤ ጣትን ከጣት ይይዛል፣ ለዓይንም አደገኛ ነው።

ሥራውን ስንሠራ ልጄ ቃላቱን ይጠይቀኝ ነበር። ኮላ፣ ሞርሳ፣ ሰጋቱራ፦ ሦስቱም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። አናጢዎቻችን ከመሣሪያው ጋር ተቀበሏቸው፤ ዛሬ የባዕድ ናቸው ብሎ የሚጠረጥር የለም። ሽብልቅ፣ መሮ፣ መጋዝ ደግሞ የቆዩት ቃላቶቻችን ናቸው። ልጄ በአንድ ቅዳሜ ስድስት ቃል ተማረ፤ በመጽሐፍ ቢሆን ስድስት ሳምንት ይፈጅበት ነበር!

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ስለ ረከቦት ብቻ ብዬ አይደለም። በክፍላችን ከአያቱ ጋር በስልክ መነጋገር የተወ ተማሪ አለ። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ቃል ያልቅብኛል፣ አፍራለሁ» አለኝ። ልጆች፣ ስሙኝ። ቃል ማጣት ክፍተት ነው፤ ክፍተት ይሞላል። ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ እያላችሁ ትሞሉታላችሁ። አያትን መደወል መተው ግን መጋጠሚያው እንዲለቅ መፍቀድ ነው። አያቶቻችሁ የሚጠብቁት የእናንተን ድምፅ እንጂ የተስተካከለ ዓረፍተ ነገር አይደለም። እኔ ዛሬ እናቴን ልደውልላት ብል አልችልም፤ እናንተ ግን ትችላላችሁ።

ወላጆችም፣ ልጁ ሲሳሳት አትሳቁበት፤ ቶሎ ብላችሁም በእንግሊዝኛ አትመልሱለት። የጎደለውን ቃል ከራሱ ወሬ ውስጥ አንሥታችሁ አቀብሉትና ንግግሩን ይቀጥል። የቤቱ ሰጋቱራ የሚገኘው ከቤቱ እንጨት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

የቤት ሥራ፦ በቤታችሁ ካለ አንድ የእንጨት ዕቃ መርጣችሁ አያታችሁን፣ አክስታችሁን ወይም አጎታችሁን በስልክ ጠይቁ። ስሙ ምን ይባላል? ከምን እንጨት ተሠራ? ማን አመጣው? መልሱን በአምስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ በሚመጣው ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ። የማታውቁት ቃል ካለ ቦታውን ባዶ ተዉትና አምጡት፤ ክፍል ውስጥ አብረን እንሞላዋለን።

ሰላም ሰንብቱ።