ከአልጋ ሥር የወጣው ተማሪ

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ እንጅባራ ያለው ማድ ቤታችን የሁለት ልጆቼ ክፍል ሆነ። ሰዓት ከፋፍዬ ፕሮግራም ለጠፍኩ። ትንሹ መቀነስ ሲያቅተው ግን ጮኽኩበት፤ ደብተሩን ይዞ አልጋ ሥር ገባ።

ማታ ስጸልይ ዘዳግም 6፥7 ትዝ አለኝ። ቤት ስንቀመጥም መንገድ ስንሄድም ቃሉን ለልጆቻችን እንድናስተምር ያዘናል፤ እኔ ግን ቤቱን ማስፈራሪያ አድርጌዋለሁ።

በማግስቱ «ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። እኔ ልጅ ሳለሁ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ድንች እየላጥን ቀነስን፤ በቀርከሃ ግቢውን ለካን፤ ወደ ዘንገና ሐይቅ ስንሄድ ፈረስ ቆጠርን። ሲደክመው አቆምን።

ወገኖቼ፣ ያመለጠ ትምህርት ይካካሳል። የሸሸ ልጅን ለመመለስ ግን ራስን ዝቅ ማድረግ ይጠይቃል፤ ጌታም እኛን የመለሰን እንዲሁ ነው።