የመፀው ቀለም በየረር ግርጌ

የመስከረምን ተራራ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚነሣ ሰው ከብርሃን ጋር ከመታገሉ በፊት ከቃል ጋር ይታገላል። በዘመን አቆጣጠራችን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መፀው፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ደግሞ ፀደይ ነው። እኛ ግን፣ ገጣሚውም ዘፋኙም ጋዜጠኛውም፣ አደይ አበባ ባየን ቁጥር ፀደይ ገባ ማለትን ልማድ አድርገናል። አበባ የሚፈነዳበትን የሰሜኑን ዓለም ወቅት በመጽሐፍ ካወቅን ወዲህ ስሙን ወደ መስከረም ጎትተን ያመጣነው ይመስለኛል። በፀሐይ አካሄድ ከሆነ የእኛ መፀውና የአውሮፓው የቅጠል መርገፊያ ወቅት በአንድነት የሚውሉ ናቸው። እነርሱ ቅጠሉ ሲሞት ካሜራ ይዘው ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ እኛ የምንወጣው አበባው ሲወለድ ነው።

ልዩነቱ የቀን ርዝመት ያመጣው ነው። በሰሜን አገሮች ቀኑ እያጠረ ቅዝቃዜውም እየጠና ሲሄድ ዛፉ አረንጓዴውን ክሎሮፊል ያፈርሳል፤ ከሥሩ ተሸፍኖ የከረመው ቢጫ ይገለጣል፤ አንዳንዱም ዛፍ በዚያው ሰሞን ቀይ ቀለም ያበጃል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኗ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ለእኛ ተራራ ወቅት መለወጡን የሚነግረው ዝናቡ ነው። እንዲህም ሆኖ በኢምፔሪያል አካባቢ አዘውትሬ የምቀመጥበት አንድ ቡና ቤት ግድግዳውን የሸፈነው በቀይ የሜፕል ደን ፎቶግራፍ ነው። ሻይ እየጠጣሁ ባየሁት ቁጥር ይገርመኛል፤ ከሕንፃው አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው፣ ዝናብ ባጠበው የመስከረም ማለዳ፣ የየረርን ተራራ ቁልጭ ብሎ ያገኘዋልና።

ኢምፔሪያል ስሙን ከሆቴል የወሰደ ሠፈር ነው። በልጅነቴ ከዚያ ወደ ገርጂ ሲሻገሩ ሜዳ ነበር፤ በሜዳውም አደይ ይበቅል ነበር። የቀለበት መንገዱ መጣ፤ ሕንፃዎቹ ተከተሉ። ዛሬ አደይ ወደ ሠፈራችን የሚገባው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ከቄጤማ ጋር ታስሮ፣ በልጆች ክንድ ላይ ሆኖ ነው። ከዚያ ሜዳ አንድም ፎቶግራፍ የለኝም። ከሠፈራችን ሰውም አለኝ የሚል አላገኘሁም፤ ማን ሜዳን ፎቶግራፍ ያነሣል?

ወደ እንጦጦ መውጣት ይቀል ነበር። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ከሥሩ ሌላ ተክል እምብዛም አያስጠጋም፤ በ2013 ዓ.ም. መናፈሻው ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ አበባው ለሰው ፊት ማጀቢያ ሆኗል። ስለዚህ ባለፈው መስከረም መጨረሻ እኔና አንድ አዛውንት ፎቶግራፍ አንሺ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከኢምፔሪያል ተነሥተን በገርጂና በጎሮ በኩል ወደ የረር አመራን። እኚህ ሰው ሥራ የጀመሩት በጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በዚያ ፊልም አደይ በሣር ላይ የተበተነ ጠጠር ይመስል እንደ ነበር እየሳቁ ያወጋሉ።

«አንተ ልጅ፣ ቀለም ጥላ ከሌለው ቀለም አይደለም» አሉኝ መንገድ ላይ። ነገሩ ሥነ ውበት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የእጅ ሙያ ነው። በመስከረም ፀሐይ በቀትር ከአናታችን ላይ ልትሆን ጥቂት ነው የሚቀራት፤ ያን ጊዜ ተራራው ሸለቆና ጉብታው ተደምስሶ እንደ ተነጠፈ ጨርቅ ይሆናል። የሚጠቅመው ብርሃን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለው ነው። የካሜራው መለኪያም የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ቢጫ የሞላውን መስክ «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ እርሳቸው አንድ ደረጃ ያህል እያስጨመሩ አስነሡኝ።

ገደሉን ተጠግተን ቦታ ስናበጅ አንዲት እናት ከአጥራቸው ወጥተው ጠሩን። በኦሮምኛ ነበርና አዛውንቱ አነጋገሯቸው። ሴትዮዋ ምን እንደምናነሣ ጠየቁ፤ ኬሎውን መሆኑን ነገሯቸው። አደይን በዚያ ቋንቋ ኬሎ ይሉታል፤ በዚያው ሰሞን ለኢሬቻ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርደው ሕዝብ ከእርጥብ ሣር ጋር የሚይዘውም እርሱን ነው።

«ኬሎማ በየዓመቱ ይመጣል» አሉ ሴትዮዋ። «ቤቱን አንሡልን።»

ማሳቸው ተለክቷል። ከተማው እየቀረበ ነው፤ መቼ እንደሚነሡ አያውቁም። ከታች ከሜዳው ማዶ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ ተደርድረው ይታያሉ። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ለመልካሙ ብርሃን ሃያ ደቂቃ ያህል ቀርቶታል፤ ተዳፋቱ ከላያችን እንደ እሳት ይነዳል። አዛውንቱ ግን አንድም ቃል ሳይናገሩ የካሜራውን ማቆሚያ አንሥተው ወደ ግቢው ገቡ። ቤቱን ከነጎተራው፣ ከነአውድማው፣ ሴትዮዋን ከነልጅ ልጆቻቸው በደጃፉ አቁመው አነሡ። ተራራው በጣሪያው ላይ አልፎ ይታይ ነበር፤ ደብዝዞ፣ ቢጫ ጭጋግ መስሎ። ብርሃኑ ሲያልቅ ገና አጥሩን እያነሡ ነበር።

ስለ አገር ውበት የሚታተሙ ብዙ ፎቶግራፎችን አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ ሰው የሌለባቸው ናቸው። ተራራው ባለቤት የሌለው ይመስላል። የእኔም የዚያን ቀን የተዳፋት ፎቶግራፎች፣ ጥርት ያሉ ቢሆኑም፣ ከዚያ ወገን ናቸው።

በኅዳር ፎቶግራፉን በትልቅ መጠን አሳትመን ተመለስን። ተዳፋቱ ቡናማ ሆኗል፤ ጤፉ እየታጨደ ነው። የአደይ ፍሬ በሱሪያችን ላይ ተጣብቆ ተከተለን፤ በሳይንስ ቢደንስ፣ ማለትም ባለ ሁለት ጥርስ፣ ያሰኘው ይኸው መንጠቆው ነው። ሴትዮዋ ፎቶግራፉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ብርሃን አወጡት። የልጆቹን ፊት አንድ በአንድ ነኩ፤ ጎተራውን አዩ። በጥግ በኩል ከበሩ አጠገብ የቆመች ጥጃ ነበረች፤ እኔ እስከዚያች ሰዓት አላስተዋልኳትም።

«ይህችን ሸጠናታል» አሉ።

ከዚያ ፎቶግራፉን በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ውስጥ ይዘውት ገቡ።