የብየዳ ፍንጣሪ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ

ሰው ሠራሽ ሣር በአብዛኛው ከፖሊኢትሊን የሚሠራ ፕላስቲክ ነው፤ በ130 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል። የብየዳ ፍንጣሪ ሙቀት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በደንበኛ ግቢ በር የሚበይድ ባለሙያ ሣሩን አስቀድሞ ጠቅልሎ ማንሳት ወይም በቆርቆሮ መሸፈን ያለበት ለዚህ ነው።

ጉዳት ከደረሰ ባለቤቱ ሳያየው መንገር ይገባል፤ ደብቆ መሄድ ነውር ነው። የቀለጠ ሣር አይቃናም። ከጀርባው በምላጭ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ይወጣና በልኩ የተዘጋጀ ቁራጭ በማጣበቂያ ይተካል። የቁራጩ ሣር የተኛበት አቅጣጫ ከቀሪው ጋር ካልገጠመ ጥገናው ከሩቅ ያስታውቃል። ቀለሙ ደግሞ የባሰ አስቸጋሪ ነው፤ ፀሐይ ያደበዘዘው ሣር ከአዲስ ጥቅል ጋር አይመሳሰልም። ስለዚህ ባለቤቱን አስፈቅዶ ቁራጩን ከዚያው ግቢ ጥግ መውሰድ፣ አዲሱን በጥጉ ማስገባት ይሻላል። ወጪው የባለሙያው እንጂ የደንበኛው አይደለም።