ብዛት ይሻልሃል ጥራት?

ዛሬ ስለ ምርጫም ስለ ፓርቲም አልጽፍም። የምጽፈው ዘፈንን አሳንሶ ሚሞሪ ካርድ ላይ ስለ መጫን ነው። ነገሩ ከፖለቲካ የራቀ የሚመስለው ካለ ግን እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒዩተር ያለው ትንሽ ሱቅ ባየሁ ቁጥር በሩ ላይ «ዘፈን እንጭናለን» የሚል ወረቀት አብሮ አያለሁ። ገብተህ ካርድህን ትሰጣለህ፤ ልጁም ቀና ሳይል «ብዛት ይሻልሃል ጥራት?» ይልሃል። ወረፋ እየጠበቅሁ ስሰማ የብዙው ሰው መልስ አንድ ነበር፤ ብዛት! አልፈርድባቸውም። ስሌቱን ላየ ሰው ሌላ መልስ መስጠት ቀላል አልነበረም።

እስቲ እናስላው። ሲዲ ላይ ያለ አንድ ደቂቃ ሙዚቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በሰከንድ 128 ኪሎቢት ሆኖ ወደ ኤም ፒ ስሪ ሲጨመቅ ያው ደቂቃ 1 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው እጅ ላይ የነበረው ኖኪያ 6600 አብሮት የሚመጣው ካርድ 32 ሜጋባይት ነበር (ኤም ፒ ስሪ እንዲያጫውትም ተጨማሪ ፕሮግራም ይፈልግ ነበር)። የእኛ ዘፈን ደግሞ ሦስት ደቂቃ ላይ አያበቃም። አምስት ደቂቃ ብንለው እንኳ ካርዱ የሚችለው ስድስት ዘፈን ብቻ ነው። በሰከንድ ወደ 32 ኪሎቢት ብታወርደው ግን ሃያ ስድስት ይገባልሃል። ለካርድ ገንዘቡን የከፈለ ሰው ሃያ ስድስቱን ትቶ ስድስቱን ይመርጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ሌላም ምክንያት ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ ሚሊኒየሙ መባቻ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል እንደቆየ የማያስታውስ የዚያ ዘመን ሰው የለም። ስልክ አገልግሎት የሚሰጠው ተቋም አንድ ብቻ፣ እርሱም የመንግሥት ነበር። ሁለተኛው ወደ ሥራ የገባው በ2015 ዓ.ም. ነው። መልእክት ተዘጋ፤ ብሉቱዝ ግን ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በራዲዮ የማይሰማው ዘፈን ካፌ ውስጥ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይሻገር ነበር። አምስት ሜጋባይት ለማሻገር ሁለት ሰዎች ከደቂቃ በላይ ተጠጋግተው መቀመጥ ነበረባቸው፤ አንድ ሜጋባይቷ ግን ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ታልፋለች። ስለዚህ ማሳነሱ ለቁጠባ ብቻ አልነበረም፤ ለመሻገርም ነበር።

በዚህ ረገድ አዲስ ነገር አልሠራንም። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን የሸክላ ድርጅት ያቋቋመው ያንን አዋጅ ተዳፍሮ ነው። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንኮራበት ሙዚቃ ብዙው የተረፈው በዚህ ድፍረት ነው። ከሸክላ በኋላ ካሴት መጣ፣ ካሴት በካሴት ተገለበጠ፣ ከዚያም ተራው የካርድ ሆነ። ድምፅ የሚያዝበት ዕቃ በተለወጠ ቁጥር ማን ይይዘዋል የሚለው ጥያቄም አብሮ ይነሣል።

አሁን ወደ መጨመቁ ልግባ። ኤም ፒ ስሪን የሠሩት በዋናነት ጀርመን ኤርላንገን የሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም መሐንዲሶች ናቸው። ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግ ከመፈተኛዎቹ አንዱ ያደረገው ሱዛን ቬጋ ያለ መሣሪያ በድምፅዋ ብቻ የዘፈነችውን «ቶምስ ዳይነር» ነበር፤ የሰው ድምፅ ብቻውን ሲሆን የመጨመቁ ጉድለት ይጋለጣልና። የሐሳቡ መሠረት ረቂቅ ነው፤ ጎላ ያለ ድምፅ ከአጠገቡ ያለውን ደካማ ድምፅ ከጆሮ ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ የተሸፈነው ቢጣል ሰሚ አያውቀውም። በሰከንድ 128 ኪሎቢት አካባቢ ይህ ለብዙ ጆሮ እውነት ነው ማለት ይቻላል። ወደ 32 ሲወርድ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። የማይሰማው ሁሉ ተጥሎም ቦታው አይበቃም፤ ስለዚህ የሚሰማውም መጣል ይጀምራል። ከዚህ በኋላ ውሳኔው የሳይንስ መሆኑ ቀርቶ የበጀት ይሆናል፤ በጀት ሲጠብ ማን ቀድሞ እንደሚቆረጥ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ቀድሞ የተቆረጠው ምን እንደሆነ ያወቅሁት በአክስቴ ነው። አንድ ዐቢይ ጾም በገና እንዲጫንላቸው ስልካቸውን ለሰፈር ልጅ ሰጥተው ነበር። ልጁም ቸር ነውና አርባ ያህል ጭኖ መለሰላቸው። እርሳቸው አንዱን ከፍተው ጥቂት አዳመጡና ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት።

«ልጄ፣ ይኼ በገና አይደለም። ዝንብ ቆርቆሮ ውስጥ ገብታ ነው የምትጮኸው።»

እውነታቸውን ነበር። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ በአውታሩና በድልድዩ መካከል ደግሞ እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ያ የሚነዝረው፣ ሆድ የሚያባባው ድምፅ ከዚያች ቆዳ ነው የሚወለደው። መሠረቱ ወፍራም ቢሆንም ንዝረቱ እስከ ላይኛው የድምፅ ጫፍ ይዘረጋል። ልጁ ግን በሰከንድ የሚወሰደውን ናሙና ወደ 22 ሺህ አውርዶት ነበርና ከ11 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ጠፍቷል፤ የቀረውም በ32 ኪሎቢት ተሰባብሯል። ማሲንቆም፣ የአስናቀች ወርቁ ክራርም ተመሳሳይ ዕጣ ሲደርሳቸው ሰምቻለሁ። የሚተርፈው ከበሮና የዘፋኙ ቃል ነው።

ሱቁ ሄጄ ስነግረው ልጁ ሣቀ። «እናታችን ጆሯቸው ረቂቅ ነው፤ ሌላ ሰው እኮ አያውቀውም!» አለኝ። አክስቴ ግን «አርባውን ምን ላደርገው? አራቱን በደንብ አምጣልኝ» ብለው ቆረጡ። አራት አስጫንኩላቸው፤ በሰከንድ 128።

ከዚህም የከፋ ነበር። አንዳንዱ ስልክ ኤም ፒ ስሪን ጨርሶ ስለማያነብ ዘፈኑ ኤ ኤም አር ወደሚባል ዓይነት ይለወጥ ነበር። ይህ ዘዴ የተሠራው ለስልክ ንግግር ነው፤ ቢበዛ በሰከንድ 12.2 ኪሎቢት ይወስዳል፤ የሚያሰላውም የሰው ጉሮሮና አፍ ድምፅ እንዴት እንደሚፈጥሩ ነው። መሣሪያ የሚባል ነገር አያውቅም። ሳክስፎን ስታሰማው ሰው ሊያደርገው ይሞክራል፤ ውጤቱ በውኃ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ አልፏል የሚል ይኖራል። ዛሬ 64 ጊጋባይት የሚይዝ ካርድ ብርቅ አይደለም፤ የያኔውን 32 ሜጋባይት ሁለት ሺህ ጊዜ ይይዛል። ነገር ግን በዚያ ሰፊ ካርድ ላይ ያሉትን የድሮ ዘፈኖች አዳምጧቸው፤ ብዙዎቹ ያኔ በ32ና በ64 የተጨመቁት እነዚያው ናቸው። ጠባቡ ካርድ ሄደ፤ የጠባቡ ካርድ ፍርድ ግን ቀረ። ይባስ ብሎ «320 ነው፣ ጥራቱ አንደኛ» እየተባለ የሚታደል ፋይል አለ። 32 የነበረውን ወደ 320 መለወጥ ማንም ይችላል፤ ፋይሉ ዐሥር እጥፍ ይወፍራል፣ የተጣለው ግን አይመለስም። ካሴቱ በቅርፊት ማሽን ሲበላ፣ ሙዚቃ ቤቱ ሲዘጋ፣ ዋናው ቅጂ የት ገባ ብሎ የጠየቀ የባህል ሹም እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ስለ ቅጂ መብት አዋጅ ወጥቷል (410/1996)፤ መብት ግን መብቱ የሚጠበቅለት ድምፅ ሲኖር ነው።

ማሳነስ የግድ ለሆነበት ሰው አንድ የማውቀውን ልንገረው። ብዙ አሮጌ ሸክላዎች የተቀዱት በአንድ መስመር፣ በሞኖ ነው። ሞኖውን ዘፈን በስቴሪዮ ማስቀመጥ አንዱን ነገር ሁለቴ መጻፍ ስለሆነ ሞኖ አድርጎ በ64 ቢያስቀምጠው ስቴሪዮ በ128 ከሚሰጠው ከሞላ ጎደል እኩል ያገኛል፤ በግማሽ ቦታ። የተጨመቀውን ግን ደግሞ አይጭመቅ፤ ሁልጊዜ ከዋናው ይነሣ።

እኔም ከዘመድ የተረፉኝን ዐሥራ አንድ ካሴቶች ባለፈው ክረምት ሳልጨምቅ ወደ ኮምፒዩተር አስገባሁ፤ የአንድ ሰዓት ካሴት 600 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። አንዱ በ1983 ዓ.ም. ከራዲዮ የተቀዳ ነው። ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ የዜናው መግቢያ ይገባበትና አንባቢው ሦስት ዐረፍተ ነገር ካነበበ በኋላ ጣት ቁልፉን ሲጫን ይሰማል፤ ቀጭ። የረዳኝ ወጣት «ይኼን ልቁረጠው? ቦታ ነው የሚይዘው» አለኝ።

እንዲተወው ነገርኩት። ስድስት ሜጋባይት ነው።