ከደቻቱ ወዲያ ያለው ተራራ

የድሬዳዋን ልጅ «ተራራ ሳል» በሉት። ሁለት ሾጣጣ ጫፍ፣ በመካከላቸው ፀሐይ፣ ከሥር ወንዝ ይስልላችኋል። ከክፍሉ ወጣ ብሎ ወደ ደቡብ ቢያይ ግን የእኛ ተራሮች እንዲህ አይደሉም። ልጁ የሚስለው የለመደውን እንጂ ያየውን አይደለም ማለት ነው።

አይቶ በመሳል ረገድ ከአንድ እንግዳ የምንማረው አለ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 እ.ኤ.አ. ትግራይን ተዘዋውሮ አይቷል። ከልዩ ልዩ አገሮች የሳላቸው 24 ስዕሎች በ1809 ለንደን ታተሙ፤ ከእነዚህ አንዱ የትግራይ ሸለቆ ነው፣ «የካላት ሸለቆ» ይለዋል። ዘመኑ በአውሮፓ ሮማንቲክ የሚባለው አሳሳል የገነነበት ነበር። የዚያ ዘመን ሰዓሊዎች ተራራውን አግዝፈው፣ ሰውን አሳንሰው፣ ሩቁን ጭጋግ አልብሰው መሳል ይወዱ ነበር። ተመልካች በተፈጥሮ ግርማ እንዲደነቅ ነው።

መደነቁ መልካም ነው። ነገር ግን ተጓዥ ሸለቆውን አድንቆ ያልፋል፤ ነዋሪ ግን እዚያው ያድራል። ነዋሪ «ውሃው ከየት ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ለማስተማር ልምምድ በወጣሁ ጊዜ ልጆቹን ደቻቱ ዳር ወሰድኳቸው። ወረቀቱን በሦስት ከፈልን፦ ከታች ቅርቡ አሸዋ፣ ከመሐል የመጋላ ቤቶች፣ ከላይ ሩቁ ተራራ። አንዲት ልጅ፣

«ቲቸር፣ ውሃ የለውም እኮ! እንዴት ወንዝ ብዬ ልሳለው?» አለችኝ።

እኔ ሳልመልስ ጓደኛዋ እርሳሱን ወደ ተራራው ቀስሮ «ውሃው የሚመጣው ከዚያ ነው» አላት። ሁሉም ዝም አሉ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ደራሽ ውሃ በከተማችን ከ200 በላይ ሰው እንደፈጀ ከየቤታቸው ሰምተዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ደቻቱ ግን ለሳቅም ጊዜ አይሰጥ።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ተራራውን በሾጣጣ አልሳሉትም። ሸንተረሩን፣ ቦዩን፣ የተራቆተውን ገመገም እየፈለጉ አሰመሩ። የስዕሉ ክፍለ ጊዜ ሳናስበው የጂኦግራፊ ሆነ።

እንግዲህ እጩ መምህራን ጓደኞቼ፣ የትም ብንመደብ የመርጃ መሣሪያ የለም ብለን አናማር። ጠመኔ ቢጠፋ እንኳ ተራራ አይጠፋም። ልጁ ተራራውን አይቶ ይደነቅ፤ ግን ደመና ሲጠቁርበት ከአሸዋው ላይ ኳሱን አንስቶ መውጣትንም ይወቅ።