የተፋቀው አንቀጽ

በመኝታ ክፍሎቻችን ክርክር ሲጦፍ «ሕገ መንግሥት እኮ ወረቀት ነው» የሚል አይጠፋም። ወረቀትስ ነው። ታዲያ ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ ሹማምንት አንዲት አንቀጽ ለማስፋቅ ሕዝብ ድምፅ እስከማሰጠት ምን አደከማቸው? ጥያቄው የመጣብን የአንዲት የአሜሪካ ግዛት፣ የሳውዝ ካሮላይና፣ ታሪክ ስናነብ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት አንድም ቃል አይናገርም፤ ጉዳዩ ለየግዛቶቹ ተትቷል። ሳውዝ ካሮላይና ደግሞ ባሪያን መጻፍ ማስተማር በ1740፣ ማንበብ ማስተማር በ1834 በሕግ የከለከለች ናት። ከርስ በርሱ ጦርነት በኋላ በ1868፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት ዓመት መሆኑ ነው፣ 124 እንደራሴዎች አዲስ ሕገ መንግሥት ሊጽፉ ቻርልስተን ከተማ ተቀመጡ። አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ከመካከላቸው ሮበርት ስሞልስ በባርነት የተወለደ፣ በ1862 የደቡቦቹን የጦር ማመላለሻ መርከብ ከነቤተሰቡ ይዞ ያመለጠ ሰው ነው። ትምህርት ነፃና ግዴታ ይሁን ብሎ ሐሳብ ያቀረበው እሱ ነበር። ፊደል የተከለከሉት ሰዎች ተራቸው ሲደርስ፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ዘርና ቀለም ሳይለይ ለሁሉም ክፍት ይሁን ብለው ጻፉ። ለነጩም ልጅ ጭምር መሆኑን ልብ ይሏል!

በ1873 የግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪ ተቀበለ። አራት ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም፤ በ1877 ተዘጋና በ1880 ለነጮች ብቻ ተከፈተ። በ1895 ሌላ ሕገ መንግሥት መጣ፤ ትምህርት ቤቶቹን በዘር ለየ፣ መምረጥ የሚሻውንም ከዚያው ከሕገ መንግሥቱ አንብብ ብሎ መፈተን ጀመረ። ስሞልስ እዚያም ጉባኤ ላይ ነበር፤ ተቃወመ፣ ተሸነፈ። ያም ሆኖ ነፃ ትምህርት ቤት ለልጆች ሁሉ ይኑር የምትል አንቀጽ ተረፈች።

ነገሩ የተካረረው በአውቶቡስ ነው። በክላረንደን አውራጃ የነጭ ልጆች በአውቶቡስ ሲሄዱ የጥቁር ልጆች በእግራቸው ይኳትኑ ነበር። በ1947 ወላጆች አንድ አውቶቡስ ጠየቁ፤ ተከለከሉ። በ1950 ክሱ ሰፍቶ መለያየቱ ራሱ ይፍረስ የሚል ሆነ። ስሙ በክሱ የተጠራው ሃሪ ብሪግስ ከሚሠራበት የነዳጅ ማደያ ተባረረ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ገና ሳይፈረድ፣ በ1952፣ የግዛቲቱ መራጮች ያቺን የተረፈች አንቀጽ ሰረዟት። አብሮ ከመማር ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ይሻላል ነው ነገሩ፤ ለመዝጋት ደግሞ ወረቀቷ እንቅፋት ሆነችባቸው። በ1954 ፍርድ ቤቱ መለያየቱን ሕገ ወጥ አለ።

አንቀጿ በ1973 ተመለሰች። በ1993 ድሆቹ አውራጃዎች እሷኑ ይዘው ከሰሱ፤ በ1999 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለልጆች የሚገባው «በትንሹ የሚበቃ» ትምህርት ነው ብሎ ተረጎመላቸው። «በትንሹ» የሚለው ቃል ከአንቀጿ ውስጥ የለም፤ ዳኞቹ የጨመሩት ነው። በ2014 ግዛቲቱ ያንኑ ትንሹንም አላሟላችም ተብሎ ተፈረደ። በ2017 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን መከታተል አቁሞ መዝገቡን ዘጋ። አንቀጿ ግን አልተፋቀችም።